ለግራው ዳር ሰው ሠላሳ ዘጠኝ ድምፅ

አባቴ የፉትቦል የዝና አዳራሽ አልገባም። ለመግባት ከሃምሳ ድምፅ አርባ ያስፈልገው ነበር፤ ሠላሳ ዘጠኝ አገኘ። የጎደለችውን ያጎደልኳት እኔ ነኝ። በከተማችን ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ዳቦ ቤት ያለችው ሴት ሳትቀር ሰላምታዬን አትመልስም።

አባቴ ሌናርድ ቮይታሲክ ይባላል፤ ጓደኞቹ ሌን ይሉታል። አሥራ ሁለት ዓመት የአሜሪካውን ፉትቦል፣ ኳስ በእጅ የሚያዝበትን፣ ተጫውቶ ኳሷን የነካት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ መሬት ላይ ወድቃ አግኝቷት። የመስመር ሰው ነበር፣ የግራው ዳር። ኳስ ወርዋሪው ሊወረውር ሲዞር ጀርባውን የሚሰጠው ለግራ ነው። ከዚያ በኩል የሚመጣበትን አያይም፤ የሚያይለት አባቴ ነበር። መቶ አርባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ወደ ኋላ እየተራመደ እሱን የሚያህል ሌላ ሰው ሲገፋ መዋል፣ ሥራው ይኸው ነው።

ለሚሮጡት የሮጡት ይቆጠርላቸዋል፣ ለሚወረውሩት የወረወሩት። ለመስመር ሰው የሚቆጠርለት ነገር የለም። ስሙ በድምፅ ማጉያ የሚጠራው ጥፋት ሲያጠፋ ብቻ ነው። መራጮቹ ስለ መስመር ሰው ሲነሳ ሁልጊዜ የሚጨቃጨቁትም በዚህ ነው፤ በምን እንለካው? አባቴ ግን አንድ ቁጥር ነበረው፤ ዜሮ። በመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ዓመታት አባቴ የያዘው ሰው አንድ ጊዜ እንኳ አምልጦ ወርዋሪውን አልጣለም። ቁጥሯን የፈጠራት የከተማችን ጋዜጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ አገር ሁሉ ደገማት።

ባለፈው መስከረም የጋዜጣው የስፖርት ጸሐፊ ጂን ፋልኮ ቤታችን መጣ። ሰውየው ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ጡረታ ውጣ ቢሉት እምቢ ብሏል። በአዳራሹ ሥርዓት እያንዳንዱን ዕጩ አንድ ጋዜጠኛ ነው የሚያቀርበው። ዕጩውም ቤተሰቡም ስብሰባው ጋ አይደርሱም። አባቴን የሚያቀርበው ፋልኮ ነበር።

"የሽማግሌዎቹ ዝርዝር ውስጥ፣ ቀድሞ ከታለፉት ጋር፣ ገብቷል" አለኝ። "ከዚህ ከወደቀ በሕይወት እያለ ዳግም ስሙ አይነሳም። አንቺ ስታቲስቲክስ ተምረሻል አይደል? የድሮ ፊልሞቹን ተመልከችልኝና ዜሮዋን አረጋግጪልኝ። ቁጥር ይዤ ልግባ።"

አባቴ ጥግ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። አእምሮው መሸርሸር ከጀመረ አምስት ዓመቱ ነው። ጭንቅላቱን ለአሥራ ሁለት ዓመት ከሰው ጋር ሲያጋጭ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይጠብቃል። ቁርስ ይብላ አይብላ አያውቅም፣ የጎረቤቱን ስም አያውቅም፤ አዳራሹን ግን አይረሳም። የተመረጠ ሰው ፊቱ በነሐስ ተቀርጾ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

"ፊቴን እኔ ብረሳው እዚያ ይኖራል" አለ አባቴ። ይህን ካለ በኋላ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ምድር ቤት ወርደን ከጥቅምት እስከ ገና ፊልም አየን። አርባ አንድ ግጥሚያ። የመስመር አሰልጣኞች እያንዳንዱን ዙር፣ ኳሷ ተነሥታ እስክትቆም ያለውን፣ እየነጠሉ ነው የሚያርሙት፤ ሥራህን ሠርተህ ከሆነ ፕላስ፣ ካልሠራህ ማይነስ። ችግሩ ሥራህ ምን እንደነበር ከውጭ ማወቅ አይቻልም። ዙሩ ከመጀመሩ በፊት በመስመሩ ላይ አንድ ጥሪ ይተላለፋል፤ ማን ማንን እንደሚይዝ የሚወስነው ያ ጥሪ ነው። በአባቴ ቡድን ሁለት ጥሪ ነበር። "ድንጋይ" ከተባለ እያንዳንዱ ፊት ለፊቱ የቆመውን ይይዛል። "ጨው" ከተባለ ግን ሁሉም አንድ ሰው ወደ ቀኝ ይሸጋሸጋል፤ የራስህን ትተህ በቀኝህ ባለው ጓደኛህ ፊት የቆመውን ትይዛለህ። ዳር ላይ የተተወውን ከኋላ ያለው ሯጭ ይቀበለዋል።

ፊልሙን እያቆምኩ "ጥሪው?" እለዋለሁ።

"ድንጋይ" ይላል ሳያመነታ። ወይም "ጨው"። ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎት አንዱንም አይስትም። እጁ ራሱ ሶፋው ላይ እየተንቀሳቀሰ ነው የሚመልስልኝ።

በመሃል ደግሞ "እናትሽ ስንት ሰዓት ነው የምትመጣው?" ይለኛል። እናቴ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ላይ እውነቱን እነግረው ነበር፤ በየቀኑ አዲስ መርዶ ሆነበት። አሁን "ስትጨርስ ትመጣለች" እለዋለሁ። ጊዜ ይቆጥባል።

ገና ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የኬንት ማሎይ ዙር ላይ ደረስን። ያን ዙር ላስረዳ፤ እኛ ዘንድ ግን ማንም ማብራሪያ አይፈልግበትም። ኬንት የቡድኑ ኳስ ወርዋሪ ነበር። ከአባቴ በቀኝ በኩል የሚቆመው የመስመር ሰው ኦዴል ቴትስ ይባላል። ፊልሙ ላይ ኦዴል ፊቱ የቆመውን ሰው ዝም ብሎ ትቶት ወደ ቀኝ ሲሄድ ይታያል። ያ የተተወው ሰው በክፍቱ ገብቶ ኬንትን ከጀርባው መታው። ኬንት ከአንገቱ በታች አልተንቀሳቀሰም፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ሞተ። ኦዴል በጸደይ ከቡድኑ ተባረረ። ዛሬም በከተማችን ልጅ ሳህን ሲሰብር "ኦዴል አትሁን" ይባላል። እኔም ተብያለሁ፤ አባቴ እየሰማ።

ፊልሙን አቆምኩት። "ጥሪው?"

"ጨው።" እጁ ወደ ቀኝ ሄደ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ጆሮሽ አይሰማም እንዴ? ጨው ነው። ጩኸቱ ስለበዛ ኦዴል ጭኔን መትቶ ነው ያስተላለፈልኝ። ሁለት ጊዜ መታኝ።"

ፊልሙን ለቀቅኩት። ከአምስቱ የመስመር ሰዎች አራቱ እኩል ወደ ቀኝ ተራመዱ። አባቴ ብቻውን ባለበት ቀረ፤ ፊቱ የቆመውን ይዞ። አምስት ጊዜ መልሼ አየሁት።

"አባዬ፣ ጨው ከሆነ ያ ሰው ያንተ ነበር።"

"የኔ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልሄድክበትም?"

"ዳሩ ላይ ያለው ባርንስ ነው። ባርንስን የመሰለ ሰው ለዚያች ቁራጭ ሯጭ ልተውላት? ወርዋሪውን ቢጥለው የኔ ተብሎ ይጻፍ ነበር። ስንት ዓመት አላስነካሁም። ጋዜጣው እየቆጠረ ነው።"

"ኦዴልስ?"

"ኦዴል ልክ ነበር" አለ። ማንም እንደሚያውቀው ተራ ነገር።

"ይህን ሌላ ማን ያውቃል?"

"የመስመር ሰዎቹ ክፍል ውስጥ የነበረ ሁሉ። ከክፍሉ አይወጣም።" ከዚያ ዞር ብሎ አየኝና "እናትሽ ስንት ሰዓት ነው የምትመጣው?" አለ።

በማግስቱ ጠዋት ኦዴል ቴትስ ጋ ሄድኩ። ሃያ ስምንት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድቷል፤ ከኋላው ተቀምጠው ሲሳለቁበት ያደጉት አሁን የራሳቸውን ልጆች ይልኩለታል። ጋራዥ ውስጥ ባዶው አውቶቡስ ላይ ወንበር ለወንበር እያጎነበሰ የተረሳ ጓንት ይለቅም ነበር። ጉልበቶቹ ሲታጠፉ ይንቋቋሉ።

"የሌን ልጅ ነሽ" አለ ገና ሳልናገር። "ግንባርሽ ያስታውቃል። በዚያ ግንባር ግድግዳ ይፈርሳል።"

"ቴሳ እባላለሁ። ሚስተር ቴትስ፣ ጥሪው ጨው እንደነበር አውቄያለሁ።"

የያዘውን ጓንት ከጥንዱ ጋር አጣመረና ኪሱ ከተተው። "ያንን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ከሰማሁት ስንት ዘመኔ" አለ።

"ለምን አልተናገሩም?"

"የክፍሉ ሕግ ነው። ማን እንደሳተ ከክፍሉ አይወጣም። አንዱ ከሳተ አምስታችንም ሳትን።"

"ሳቱ የተባሉት ግን አምስታችሁም አይደላችሁም። እርስዎ ብቻ ነዎት።"

"ጋዜጠኛ ክፍሉ ውስጥ አልነበረማ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና ሞኝነት ነው።"

"ዩኒቨርሲቲ ገብተሻል ማለት ነው" አለ። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ለሰባት ዓመት ልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ያን የሚያህል ሰው። "ለሎሪን እንኳ አልነገርኳትም። ለሚስቴ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። አንድ ቀን ገበያ አዳራሽ ውስጥ አንዲት ሴት ፊቷ ላይ ተፋችባት። ቤት መጥታ ፊቷን ታጠበችና 'ኦዴል፣ ሰው ይሳሳታል፣ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ' አለችኝ። ምን ልበላት? አመሰግናለሁ አልኳት።"

"አሁንስ ቢነግሯት?"

"በሚያዝያ ቀበርኳት። ይቅር እንዳለችኝ ሞተች።"

አጠገቤ ካለው ወንበር ሥር አንድ ጓንት አንሥቼ ሰጠሁት።

"ሌን ይነግራታል ብዬ ጠብቄ ነበር" አለ። "ጋዜጣ ላይ ውጣልኝ አላልኩትም። አንድ ቀን ወጥ ቤታችን ገብቶ 'ሎሪን፣ የኔ ነበር' ቢላት ይበቃኝ ነበር። ከቤታችሁ ቤታችን ስድስት መንገድ ማቋረጥ ብቻ ነው። ያው፣ በእግር መሄድ አይወድም።"

"ፋልኮ የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቆዎታል?"

"ልኬለታለሁ። ከጎኔ ከቆሙት ሁሉ እሱን የሚያህል አላየሁም ብዬ ጻፍኩ።"

"ውሸት ነዋ።"

"እውነት ነው። እሱ ነው ጣጣው።" ተነሣና መልቀም ቀጠለ። "እጁን ብትዪ፣ እግሩን ብትዪ፣ እንደሱ ያለ የለም። ያቺን አንዷን ቀን ጥሪውን ትቶ ቁጥሩን ያዘ።"

"ይገባዋል ወይ?"

"እኔን ነው የምትጠይቂኝ?" ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። "እኔ ከክፍሉ አላወጣሁም። አንቺ ክፍሉ ውስጥ አልነበርሽም። የመሰለሽን አድርጊ።"

ለፋልኮ ወረቀቴን የሰጠሁት ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ምግብ ቤት ነው። የፖም ኬኩን እየበላ አነበበ። ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ አራት ዙር፤ ዘጠና ሁለት ማይነስ። ዓይኑ በራ።

"ዘጠና ሁለት ብቻ? በጥሩ ቀኑ እንኳ እንዲህ የሚሠራ ሰው አላውቅም። ይህችን ይዤ ከገባሁ ማን ያቆመኛል? ይህ የከበብሽው ዙር ምንድን ነው?"

ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ።

"ምስክርሽ ማን ነው? የገዛ ቤቱ ውስጥ መጸዳጃው የሚጠፋበት ሰው?"

"ፊልሙ ነው። አራት ሰው እኩል ወደ ቀኝ ሄዷል። አራት ሰው በአንድ ላይ ተሳስቶ አንዱ ብቻ ልክ አይሆንም። ሁላችሁም ኬንትን ስታዩ እግራቸውን ያየ አልነበረም። አንተም። ኦዴልን ያቃጠለውን ጽሑፍ የጻፍከው አንተ ነህ።"

"ርዕሱን እኔ አላወጣሁትም።"

"ርዕሱን አልጠየቅኩህም።"

ኬኩን ገፋው። "ስሚኝ ቴሳ። እዚያ ስብሰባ ውስጥ ሃምሳ ሰው አለ፤ ግማሾቹ ስለ አባትሽ የሚያውቁት ዜሮዋን ብቻ ነው። ዜሮዋን ነጥቄያቸው ምን ልሰጣቸው ነው?"

"ከሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዙር ዘጠና ሁለት ማይነስ ብቻ ብለህ ስጣቸው። እንዲህ የሚሠራ ሰው አላውቅም ብለህ የለ? እንግዲህ ከነጥፋቱ ያስገቡት። እኔ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ግን እውነቱን ሰምተው ካላስገቡት፣ ያኔ አይገባውም ማለት ነው።"

"አባትሽ ነው እኮ።"

"ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጫማውን የማስረው እኔ ነኝ። ካልነገርካቸው ለሃምሳዎቹም እልክላቸዋለሁ።"

"አንቺ ልጅ ርኅራኄ የሚባል አልፈጠረብሽም" አለ።

"ለማን?" አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ድምፅ የተሰጠው በጥር፣ ቅዳሜ ቀን ነው። በአዳራሹ ልማድ የተመረጠ ሰው ስልክ አይደወልለትም። የመራጮቹ ሰብሳቢ ራሱ ሳያስታውቅ መጥቶ በሩን ያንኳኳል። ላልተመረጠው ነው የሚደወለው። አባቴ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ከጠዋት ጀምሮ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ተቀምጧል፤ ምሳ ብሰጠው ክራቫቴ ይቆሽሻል ብሎ አልበላም። ውጭ በረዶ ይጥላል።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ።

አባቴ ተነሣ። ብቻውን ከወንበር ከተነሣ ወራት አልፈውታል። ከወጥ ቤት እስክደርስ በሩን ከፍቶት ነበር። ደጁ ላይ ትከሻው በረዶ የለበሰ ግዙፍ ሰው በሁለት እጁ ትሪ ይዞ ቆሟል። ኦዴል ቴትስ ነው፤ መኮሮኒ በአይብ ሠርቶ መጥቷል። ምን እንዳመጣው እስካሁን አልጠየቅኩትም። ምናልባት እንዲህ ባለ ቀን ሰው ብቻውን አይቀመጥም ብሎ ይሆናል።

"መጣችሁልኝ" አለ አባቴ። አንገቱን አቅፎ አለቀሰ። ኦዴል ትሪውን ከፍ አድርጎ ያዘ፣ እንዳይደፋ። "ለአሰልጣኜ አመሰግናለሁ" አለ አባቴ ትከሻው ላይ ሆኖ፤ ንግግሩን ለሃያ ዓመት ሲያጠናው ኖሯል። "ለባለቤቴ አመሰግናለሁ። ከጎኔ ለቆሙት..."

"አባዬ፣ ሰብሳቢው አይደለም" አልኩ።

ኦዴል አየኝና ራሱን ነቀነቀ፤ ተዪው ማለቱ ነው። እንዳቀፈው ወደ ውስጥ አስገብቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው፤ በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ። ንግግሩን እስከ መጨረሻው ሰማው፤ የኦዴል ስም የለበትም።

ስልኩ ከሩብ ሰዓት በኋላ ጮኸ። ፋልኮ ነው።

"ሠላሳ ዘጠኝ" አለ። "ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። ፊልሙንም አሳየሁ። ሁለቱ ከዜሮዋ በቀር የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ እጃቸው አልወጣም።" ቀጥሎም "ደስ አለሽ?" አለ። ዘጋሁት።

"አልተመረጥክም፣ አባዬ።"

"በሩ ተንኳኳ እኮ።"

"ያንኳኳው ሚስተር ቴትስ ነው።"

አባቴ ሰውየውን አየው። ለረጅም ጊዜ አየው፤ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ቀስ እያለ ቦታው ሲገባ አየሁ። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ዓይን ካየሁበት ቆይቷል።

"በምን ጣሉኝ?" አለ።

"በኬንት ዙር። ፊልሙን እኔ ነኝ የሰጠኋቸው።"

አልጮኸብኝም። እኔም ቸኮልኩ፤ ጥርት ያለው ዓይን ብዙ አይቆይም። "ምድር ቤት የነገርከኝን ለሱ ንገረው" አልኩት። "ተቀምጧል። አሁን ንገረው።"

ኦዴል እስከዚያ ጭኑ ላይ ይዞት የቆየውን ትሪ መሬት አስቀመጠና ኮፍያውን አወለቀ።

"ኦዴል" አለ አባቴ።

"አለሁ፣ ሌን።"

"ሰውህን ለቀቅክ።"

ከውጭ የበረዶ መጥረጊያ መኪና አለፈ።

"ሰውህን ለቀቅክ" አለ አባቴ ደግሞ፣ ቃል በቃል፣ እንደ ጤነኛ ሰው። "መጀመሪያ ኬንትን ገደልክ። ዛሬ ደግሞ እኔን።"

"በሽታው ነው" አልኩ። በሽታው ይሁን እሱ ራሱ ይሁን ግን አላውቅም፤ አሁንም አላውቅም።

"ሌላ የምትለኝ አለ?" አለ ኦዴል።

አባቴ አሰበ። በእውነት አሰበ።

"በሩን ዝጋው" አለ። "ብርድ ይገባል።"

ኦዴል ኮፍያውን አጠለቀ። ካፖርቱን ከላይ እስከ ታች ቆለፈ፣ ጣቶቹ ስለማይታጠፉ ጊዜ ወሰደበት፤ ልረዳው አልደፈርኩም። ትሪውን መሬት ላይ እንዳለ ተሻግሮት ወጣና በሩን ከውጭ ሳበው። ደፉ ላይ በረዶ ገብቶበት አልገጥም አለ። እንደገና ከፈተው፣ በጫማው አፍንጫ ጠረገው፣ ዘጋው።